እሸት በሁለት እጅ

ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው ብሎ መጀመሪያ ያወራው ሰው ወይ ልጅ አልወለደም፣ ወይ ኢሉባቦርን አያውቃትም! ምን ዕረፍት አለ? ትምህርት ቤት ተዘግቶ የልጅ ልጅ ሁሉ ቤት ውስጥ እንደ ንብ ይተራመሳል። ሰማዩ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ቧንቧውን ከፍቶ መዝጊያውን የጣለ ይመስላል። ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይነድ፣ ጫማ እንደሆነ ከጭቃው ጋር በሰማንያ ተጋብቶ አልፋታ ይላል። ያም ሆኖ… እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔ ክረምትን እወደዋለሁ። ለምን ቢሉ፣ ነሐሴ ላይ በቆሎ ይደርሳል!

በቆሎ ስላችሁ ያንን ከተማ ለከተማ ሲዞር ውሎ የጠወለገውን እንዳይመስላችሁ። እኔ የምላችሁ ከማሳ ተቆርጦ ፍም ላይ እስኪወድቅ ድረስ የዝናቡ ጠብታ ገና ከላዩ ያልረገፈውን ነው። ጥፍር ሲያስነኩት ወተት የሚተፋውን! ቤተሰቡ ምድጃውን ከቦ፣ አንዱ ሲያራግብ፣ አንዱ ሲያገላብጥ፣ አንዱ «ኧረ የእኔ አረረ!» ብሎ ሲጮኽ፣ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው… ከዚህ የበለጠ ደስታ አየሁ የሚል ካለ ይጻፍልኝ። ለልጅ ልጄ አስነብቤ እስቅበታለሁ።

በእኛ ቤት ግን የዚህ ደስታ በር ላይ ዘበኛ አለ። ዘበኛዋ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ታላቅ አዲሱን እሸት ነክሶ «ዓመት ዓመት ያድርሰን» ሳይል ማንም በቆሎ ወደ አፉ አያስጠጋም። ይህን ሥርዓት የባለቤቴ እናት ከሰሜን ሲመጡ ከድስትና ከአክንባሎ ጋር ጠቅልለው ያመጡት ነው። ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻችን ሲያዩት ደግሞ «ይሄማ የእኛም ነው!» አሉና ሥርዓቱ ሁለት አገር ያገኘ ያህል ተደላደለ። ደፍሮ ቀድሞ የቀመሰ ልጅ ካለ ዓመቱን ሙሉ የተሰበረው ብርጭቆ፣ የጠፋችው ዶሮ፣ የታመመችው ላም ሁሉ በእሱ ይላከካል። ድሮ ሁላችንም አንድ ግቢ ስንኖር ነገሩ ቀላል ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይነክሳል፣ ይመርቃል፣ ይበላል። እሱ ካረፈ ወዲህ ታላቋ እኔ ሆንኩ። ልጆቼም አደጉና ወጡ። ታላቅ አንድ፣ ቤት ሁለት ሆነ ማለት ነው። መከራው የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ትልቋ ልጄ ዘነበች መቱ ናት፤ የቢሮ ሠራተኛ። የጓሮዋ ስፋት ከአንድ ፍራሽ ብዙም አይበልጥ፣ ግን በቆሎ ተክላበታለች። ታናሽ ወንድሟ ታደለ ሁሩሙ ነው፤ ከሚስቱ ከጫልቱ ጋር ቡናና ማር ያመርታል፣ እውነተኛ ማሳ አለው። እኔ ደግሞ በአሮጌው ግቢያችን ብቀርም እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ከመቱ ሁሩሙ፣ ከሁሩሙ ኡካ ስል የሚኒባስ ረዳቶቹ ሁሉ «እማማ፣ ዛሬስ ወዴት ነው?» ይሉኛል። እኔም አንዳንዴ እዚያው መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው የማስበው።

ልብ አድርጉልኝ፤ ዘሩን ለሁለቱም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ከምድጃዬ በላይ ጭስ ላይ ሰቅዬ ካቆየሁት ከአንድ እስር በቆሎ ፈልፍዬ፣ ግማሹን ለእሷ፣ ግማሹን ለእሱ። ዘነበች ግን «የእኔ በቆሎ እኮ ይጣፍጣል» ትላለች። ታደለ «የመቱ በቆሎ ምን በቆሎ ነው? ባጃጅ ጭስ ያጠጣው!» ይላል። አንድ እስር በቆሎ! እነሱም ቢሆኑ እኮ ከአንድ ሆድ ነው የወጡት፤ ማን ያስታውሳቸው?

አምና በቆሎው ሲደርስ ሁሩሙ ነበርኩ። እዚያው ነከስኩ፣ መረቅሁ፣ ተበላ፣ ተጫወትን። ወደ መቱ ስመለስ ዘነበች እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ቀመስሽ?»

«ቀመስኩ ልጄ፣ ዓመት ዓመት…»

«የእኔስ በቆሎ አይደለም እንዴ? ነው ወይስ እኔን ከመንገድ ነው ያነሳሽኝ?»

አለቀ። ኩርፊያ ሆነ። እንቁጣጣሽ ደረሰ፤ ወንድሟ ቤት አልሄደችም። እሱም «ትቅር!» አለ። እኔ አበባ አየሽ ወይ የሚሉ የሰው ልጆችን ስመርቅ ዋልኩ፤ የራሴዎቹ በሁለት ከተማ ተከፍለው እንደ ባላንጣ ተፋጠዋል። በሽማግሌ ሞከርኩ፣ በንስሐ አባት ሞከርኩ፣ በእንባም ሞከርኩ። ወይ ፍንክች! እኔም ማልኩ፤ ዘንድሮ ሁለቱ ልጆቼ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ሳይቀመጡ እሸት በአፌ አይዞርም! ሌላ እንቁጣጣሽ እንዲያ የማሳልፍበት ልብ የለኝም።

ነሐሴ ባተ። ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ ደርሷል! ፂሙ ጠቁሯል!» አለች ዘነበች። «ነገ ነይ። ታደለ ደውሎልሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልደወለም።»

ዘግቼ ሳልጨርስ ታደለ ደወለ። «እማዬ፣ እሸቱ ወተት በወተት ሆኗል፣ ጫልቱ ፍሙን አቀጣጥላ ነው የምትጠብቅሽ። ዘኑ ደወለችልሽ እንዴ?»

«ኧረ አልደወለችም።»

በጾም እኮ ነው እንዲህ የሚያስዋሹኝ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። እኔ ሁለት ልጅ ስለወለድኩ የቱን ትቼ የቱን ልውጣ? ወደ መቱ ብሄድ ሁሩሙ ያኮርፋል፤ ወደ ሁሩሙ ብሄድ መቱ። አሰብኩ፣ አሰብኩና… ነጠላዬን አጣፍቼ ኡካ፣ ታናሽ እህቴ ዘንድ ጠፋሁ!

ከመከራ የሸሸ ሰው መከራው ሚኒባስ ተሳፍሮ ቀድሞት ይደርሳል። መኪናው ውስጥ ካለው ሰው በቆሎ ያልያዘ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከፊቴ አንዱ ይፈለፍላል፣ ከጎኔ አንዷ ትግጣለች፣ ሹፌሩ እንኳ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ በቆሎ! ሽታው ደግሞ… አንድ ጨዋ ጎልማሳ ግማሹን ቆርሶ «እማማ፣ ይቅመሱ፣ ማሎ» ብሎ ለመነኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። መስኮቱም በበቆሎ ትንፋሽ ጉም ለብሷል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ የሁለት ማሳ ቀማሽ ሆኜ በምራቄ ታነቅሁ።

እህቴ ደግሞ ምን ብታቀርብልኝ ጥሩ ነው? ገበታ ሙሉ በቆሎ! ጥብሱ በአንድ በኩል፣ ቅቅሉ በአንድ በኩል።

«ብዪ እንጂ!»

«አልበላም።»

«ምነው፣ ጨጓራሽን ነው?»

«ልጆቼን ነው።»

እሷ እኮ የነገሩን ክብደት መች ታውቃለች? ኡካ ላይ አንዲት ፍሬ ብቀምስ ሦስተኛ ወገን ቀደመ ተብሎ ሁለቱም አብረው ያኮርፉኛል። አብረው ማኮረፋቸውም አንድ ዓይነት አንድነት ነው ብዬ ጥቂት አማለለኝ፤ ግን መሐላዬን አሰብኩና ጎመኔን በላሁ።

በመጨረሻ ዘነበች ያለሁበትን ደረሰችበትና ደወለች። ድምፁ ግን የእሷ ሳይሆን የባሏ ነበር፤ የአማቼ የግርማ። ግርማን ላስተዋውቃችሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። የምን ኃላፊ እንደሆነ እኔ አልገባኝም፤ ዘነበችም በደንብ የገባት አይመስለኝም። ብቻ ሰውየው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ቤቱ ሲገባ እንኳ ኮቱን ሳያወልቅ ሳሎኑን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይለዋል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ደግ ነው። በሽታው አንድ ብቻ ነው፤ በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር ሲያይ ያዝንለታል።

«እማማ፣» አለኝ፣ «የቤተሰቡን ችግር በዘላቂነት ለመፍታት ውይይት አዘጋጅተናል። እርስዎ ቢገኙልን።»

ደስ አለኝ። ጅል! ወደ መቱ ተመለስኩ።

ስብሰባው በዘነበች ሳሎን ውስጥ ተደረገ። ታደለ ከሁሩሙ በስልክ ነው የተሳተፈው፤ የልጅ ልጄ ሜሮን፣ የዩኒቨርሲቲዋ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ድምፁን ለቀቀችው። ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ ለመጣነው ሁሉ ምስጋና አቀረበ፤ ሁላችንም የመጣነው ከጓዳ ነበር። ከዚያ የእሸት አቀማመስን ፍትሐዊነት ማረጋገጥ ስለሚቻልበት ሁኔታ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። ዝናቡ እንኳ ሰልችቶት ትንሽ አባራ።

«አቶ ታደለ፣ ሐሳብ ካለህ…»

«ሐሳቤ በቆሎው እየደረቀ ነው!» አለ ታደለ ከስልኩ ውስጥ።

«እሱ በሦስተኛው አጀንዳ ላይ ይታያል።»

«ሦስተኛው አጀንዳ እስኪደርስ ገለባ ይሆናል እኮ!»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ወደ ዘነበች እንለፍ።»

ኔትወርኩ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር።

ለማንኛውም ውሳኔ ተላለፈ። ታደለ ቤተሰቡንና በቆሎውን ይዞ መቱ ይመጣል፤ የሁለቱም በአንድ ፍም ይጠበሳል፤ እኔም አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ ይዤ እኩል እነክሳለሁ። አንድም አይቀድም፣ አንድም አይከተል። እልል ልል አፌን ስከፍት ዘነበች፦

«ቀኝ እጇ ላይ የሚሆነው የማን ነው?» አለች።

«የእኔ ነዋ!» አለ ታደለ ከስልኩ ውስጥ። እልልታዬን መልሼ ዋጥኩት።

ሰዎች፣ ይህን ጉዳይ ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ቀኝ ቀኝ ነው፣ ግራ ግራ ነው። ለእሱ ብቻ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ሌላው ስብሰባ ደግሞ ኮሚቴ ወለደ። ኮሚቴ የተቋቋመለት ነገር በጊዜው ሲደርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በዚህ መሀል መቱ ሙሉዋ በቆሎ ትበላለች። ሁሩሙ ትበላለች። ሁሩሙ ያሉት የታደለ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው የጎረቤት ልጆች ሲግጡ ያያሉ። «አኮ፣ መቼ ነው የምትነክሺው?» እያሉ ይደውሉልኛል፤ እነሱ አያት ለማለት እንደ እናታቸው አገር አኮ ነው የሚሉኝ። ምን ልበላቸው? አኮ ቀኝና ግራዋን እስኪነግሯት እየጠበቀች ነው ልበል? ጓሮ ወጥቼ የዘነበችን በቆሎ በጥፍሬ ነካ አደረግሁት። ወተቱ ቀርቶ ነበር።

በመጨረሻ ግርማ ራሱ መላ አመጣ። ሁለቱ በቆሎዎች በቁመትም በውፍረትም እኩል ተደርገው ይመረጣሉ። ከተጠበሱ በኋላ እሱ ነጠላ ሸፍኖ ያደባልቃቸዋል፤ ማንም፣ እሱ ራሱ እንኳ፣ የቱ የማን እንደሆነ ሳያውቅ እጄ ላይ ያደርጋቸዋል። ቀኝ ላይ የዋለው የማን እንደሆነ እግዜር ብቻ ይወቅ! ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አሁን ሳስበው በታሪካችን እጅግ የተመሰገነው ውሳኔ እሱ ነበር። የተበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ታደለ ደረሰ። ሚስቱ ጫልቱ፣ ልጆቹ፣ አንድ ማዳበሪያ በቆሎ፣ ሁሉም ከእግር እስከ ራሱ ዝናብ። ዘነበችና ታደለ ሰላም ተባባሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ሳይሆን በጣት ጫፍ፣ ትኩስ ድስት እንደሚነካ ሰው። ይህ ካልሆነ እንቁጣጣሹም የለ፣ መስቀሉም የለ።

የከሰል ምድጃው ሳሎኑ መሀል ገባ። ጫልቱ ጠበሰች፤ እኩል እንዲበስሉ ዘነበች ከላይ ቆማ ተቆጣጠረች። በቆሎዎቹ ሲንጣጡ ልጆቹ ምራቃቸውን ሲውጡ ይሰማል። ሜሮን ስልኳን ደግና መቅረጽ ጀመረች። ግርማ ነጠላዬን ተቀብሎ ሸፈነ፣ አደባለቀ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና አደባለቀ፣ አንዱን በቀኜ አንዱን በግራዬ አስጨበጠኝ። ጠጉሩን የተላጨ መንታ ይመስላሉ፤ እናታቸው እኔ ነኝ እንኳ ብል የማልለያቸው።

«እማማ፣ ሦስት ስል ይነክሳሉ። አንድ!» አለ ግርማ። «እዚህ ላይ አንድ ነገር ለማስታወስ ያህል፣ ይህ ሂደት እዚህ የደረሰው በሁላችሁም ርብርብ…»

«ግርማ!» አለች ዘነበች።

«እሺ፣ ሁለት!»

«ኡፍ! ማሎ፣ ይሄ ሰውዬ!» አለች ጫልቱ።

«ሦስት!»

አፌን እንደ ጉማሬ ከፍቼ ሁለቱንም በአንድነት ነከስኩ።

ቀጭ!

በቆሎው መስሎኝ ነበር። አንድ ደህና ፍሬ ተፈልፍሎ የወጣ። ከዚያ ነፋስ በአፌ ገባ፤ ቀድሞ ነፋስ በማይገባበት በኩል። ምላሴን ላክሁ። ምላሴ ሄዳ ባዶ ቦታ አግኝታ ተመለሰች። ሁለቱንም በቆሎዎች ለቀቅኋቸው፤ ወለሉ ላይ እየተንከባለሉ ዘነበችና ታደለ እግር ሥር ቆሙ።

«ያ ዋቅ! ጥርሷ!» ብላ ጫልቱ ጭንቅላቷን ያዘች።

አዎ። የፊት ጥርሴ። አንደኛው በቆሎ ላይ፣ በፍሬዎቹ መሀል፣ እንደ አንድ ፍሬ ሆኖ ቀጥ ብሎ ተተክሏል። ከሁሉም ነጭ እሱ ነበር።

አሁን ያዩትን ዓይኖቼን ማን በሰጣችሁ! ዓመቱን ሙሉ «የእኔ ይቅደም፣ የእኔ ይቅደም» ሲሉ የኖሩት ሁለት ልጆቼ ያንን በቆሎ አዩ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለች ዘነበች።

«የእኔም አይደለም» አለ ታደለ።

«የሁሩሙ በቆሎ እንደሆነ ከሩቁ ያስታውቃል። ድንጋይ እኮ ነው!»

«የሁሩሙ በቆሎ? የሁሩሙ በቆሎ ቅቤ ነው! ይሄ ጓሮ ውስጥ ፀሐይ ሳያይ የበቀለ ነው፣ የአንቺው ነው!»

«የእኔ እንዲህ የተሰካካ ፍሬ የለውም!»

«የእኔም ጥርስ አያበቅልም!»

ቅድም ባለቤቱ ሁለት የነበረ ክብር በአንዲት ጥርስ ባለቤት አጣ! ምን ይገርማችኋል? አገሩ ሁሉ እንዲሁ አይደለም እንዴ? ድልድይ ሲመረቅ መቀስ የጨበጠው እጅ ብዛቱ፤ ሪባኑ ለመቆረጥ አይበቃም። ድልድዩ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሁሉም «ከእኔ በፊት በነበረው ጊዜ ነው» ይላል። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሎ ሸጥኩ እንጂ በሩን አልፌ አላውቅም፤ ይህን ግን ለማወቅ መማር አላስፈለገኝም፤ ሁለት ልጅ መውለድ ይበቃል።

ግርማ እጁን አነሳ። «ጉዳዩ ተጣርቶ…»

«ሪፕሌይ አለ!» ብላ ሜሮን ጮኸች።

ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፋ፤ ኳስ ሜዳ ያሉ ይመስላሉ። ቪዲዮው አንዴ ሮጠ፣ አንዴ ቀስ ብሎ ሄደ። አፌ ሲከፈት ይታያል፤ አምላኬ፣ እኔ እንዲያ ሰፊ አፍ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። በቆሎዎቹ ሲገቡ ይታያል። «ቀጭ» ይሰማል። ጥርሱ ከየትኛው ጋር እንደወጣ ሊታይ ሲል የግርማ ክርን መጥቶ ይጋርደዋል፤ እያጨበጨበ ነበር። ቢታይስ ምን ሊሆን? በቀኝ ያለው የማን እንደሆነ፣ በግራ ያለው የማን እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነው የተሠራው!

እዚህ ላይ ዘነበች በባሏ ላይ ዞረች። «ያንተ ስብሰባ ነው ያደረቀው! የዛሬ ስንት ጊዜ እኮ ቅቤ ነበር!»

«እውነቷን ነው!» አለ ታደለ። ልብ በሉልኝ፣ «እውነቷን ነው» አለ! ከአምና ወዲህ ስለ እህቱ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ደግ ቃል።

«ውሳኔው እኮ የጋራ ነው፤» አለ ግርማ ላቡን እየጠረገ፣ «ሁላችሁም አጨብጭባችኋል። እማማም ጭምር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ዘነበች አፈጠጠችብኝ፤ እንደመጸጸት ነገር ቃጣት መሰለኝ፤ ልትስመኝ ነው ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ።

«ቆይ ግን፣» አለች፣ «ይቺ ጥርስ ድሮስ ትነቃነቅ አልነበር እንዴ?»

«ትነቃነቅ ነበር!» አለ ታደለ ፊቱ በርቶ። «ትንሣኤ ላይ ዳቦ ስትቆርስ አይቻታለሁ!»

«እኔም አይቻታለሁ! በጎን በኩል ነው እኮ የምታኝከው!»

«በጎን! በትክክል! ይሄ በቆሎውን አይመለከተውም!»

«በፍጹም አይመለከተውም! ጥርሷ ራሷ ናት!»

ተስማሙ። እናንተ ሰዎች፣ ተስማሙ! ሽማግሌ ያልቻለው፣ የንስሐ አባት ያልቻለው፣ እንባዬ ያልቻለው… ሁለቱ ልጆቼ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ቃል፣ አንዱ የጀመረውን አንዱ እየጨረሰ በእናታቸው ጥርስ ላይ ፈረዱ። ከዚያ ጨዋታው ደራ። ጥርሷ አምናም አጥንት ላይ እንደተንገጫገጨች፣ አካሄዷም የማያምር እንደነበር እያነሱ እየጣሉ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታደለ እህቱን ትከሻዋ ላይ መታ አደረጋት፤ እሷም ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ጥርሷ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስጋ የበጣጠሰች፣ ለእነሱም እያኘከች ያጎረሰች፣ ቀጥ ያለች፣ ምንም ያልተነቃነቀች ጥርስ ነበረች! ልናገር አፌን ከፈትኩ… ከዚያ ልጆቼን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም።

«አኮ፣ መርቂን እንጂ፣ ራበን!» አሉ የታደለ ልጆች።

ተነሳሁ። «ዓመት ዓመት ያድርሰን» አልኩ። «ሰ» የምትለዋ በአዲሱ በር በኩል እያፏጨች ወጣች፤ ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ምርቃት ተብሎ እንዲያ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም። በቆሎውም ለጥብስ የሚሆን ባለመሆኑ ጫልቱ ፈለፈለችው፣ በትልቁ ድስት ንፍሮ ተጣደ። የመቱው ከሁሩሙው ጋር፣ አንድ ላይ፣ ማንም የማን ነው ሳይል። በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተኮልኩለን ቆርቆሮው ላይ ያለውን ዝናብ እየሰማን እስኪበስል ጠበቅን። እኔ እስኪለሰልስልኝ ድረስ በጎን በኩል አኘክሁ። እንዳሉት ሆነላቸው ማለት ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ዘነበች ለጫልቱ ጥላ እየሰጠቻት፣ «እንቁጣጣሽን እናንተ ዘንድ ነው የምንውለው» አለቻት፤ ማንም ሳይለምናት! ታደለም «እኛ ደግሞ ለመስቀል እንመጣለን» አለ። እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ ጥርሴን በመሐረብ ቋጥሬ ይዣታለሁ፤ ለካ ለዚህ ነው ሃምሳ ዓመት አፌ ውስጥ ሆና ዕድሏን የጠበቀችው አልኩ።

ደስታዬ ግን ቆሻሻውን ጠርገን ሳንጨርስ ትንሽ ደፈረሰ። ታደለ ከበር ላይ ዞር ብሎ «የገናውን ዶሮ ግን እኛ ቤት ነው እማዬ የምትበላው» አለ። ዘነበች «ምን አልክ?» አለች። እኔ ምላሴን ልኬ የቀሩኝን ጥርሶች ዳሰስኳቸው። ብዙ አይደሉም። «ግድ የለም፣» ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ «ዶሮ እንደሆነ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አይነካም…»

ግርማ ጉሮሮውን ጠረገና ስብሰባ ጠራ።